ለጋቢናው ዘፈን አለ፣ ለረከቦቱስ?

ቦታውን የእኛ ሹፌሮች «ፔካ ዱዝ»፣ ማለትም ፔካ 12፣ ይሉታል። ፈረንሳዮች መንገዱን በኪሎ ሜትር ቆጥረው ያወጡለት ስም ነው፤ ከጅቡቲ ከተማ መሃል ሲነሱ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛልና። በባልባላ በኩል ከከተማው ወጣ ሲሉ ግራና ቀኙን ተሳቢ የሞላው አቧራማ ሜዳ ይቀበልዎታል። ሰሌዳው የኢትዮጵያ ነው፣ ወሬው አማርኛና ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ሶማሊኛ፣ ሽታው ናፍጣና በርበሬ። ወደብ ለመግባት ተራ የያዘ አለ። ጭኖ ወጥቶ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን ጨርሶ እስኪያመጣለት የተቀመጠ አለ። ጎሚስታው ጋ ጎማ ሰጥቶ፣ ረዳቱን ሸራውን አደራ ብሎ ጥላ ፍለጋ የሚዞርም አይጠፋም።

ከሜዳው ዳር አንዲት ሴት ቡና ታፈላለች። ረከቦቷ የተቀመጠው ሁለት የለስላሳ ሳጥን ላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ ነው። ነፋሱ አቧራ ይዞ ሲመጣ ሲኒዎቹን በፎጣ ትሸፍናለች፤ ሲያልፍ ትገልጣለች። ከጀርባዋ የቆመው መኪና ጋቢናው ተከፍቶ ዘፈን ይለቃል፤ ባሱ ሲመታ ሲኒዎቹ እርስ በርስ ይንካካሉ። ዘፋኙ ስለ መንገድ ያዜማል፣ ስለ ናፍቆት፣ ቀዬው ላይ ስለተዋት ልጅ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። እሷ ቡናውን እየቀዳች እያለ «ያንቺስ ዘፈን የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ እነሱ የከፈቱትን ነው የምሰማው ወንድሜ፤ የኔ የሚባል የለም» አለችኝ። ስኳሩን አማስላ ሰጠችኝና ወደ ሌላው ደንበኛ ዞረች።

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። አሁን የምጽፈውም ከእሱ ጋር ስሟገት የደረስኩበትን ነው።

ለእሷ የሚመጥን አንድ ዘፈን አውቃለሁ። ችግሩ እንግሊዝኛ መሆኑ፣ የተዘፈነውም ከቴክሳስ በተነሱ ሦስት ሴቶች መሆኑ ነው። ያኔ ዲክሲ ቺክስ ይባሉ ነበር፤ ዛሬ ዘ ቺክስ ናቸው። «ዲክሲ» የሚለው ቃል የባርነት ዘመኑን የአሜሪካ ደቡብ የሚያስታውስ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ከስማቸው አወጡት። ናታሊ ሜይንስ ትመራለች፤ ማርቲ ማጓየር ቫዮሊን፣ እህቷ ኤሚሊ ደግሞ ባንጆ እየተጫወቱ ድምፃቸውን ያክሉበታል። ዘፈኑ «ትራቭሊን ሶልጀር» ይባላል፤ መንገደኛው ወታደር እንደማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። 18 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀን የሆነው ልጅ የወታደር ልብሱን ለብሶ አውቶቡስ ይጠብቃል። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቶ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የምታስተናግደው ልጅ ፀጉሯን በሪባን ያሰረች ተማሪ ናት። ዓይን አፋር ቢሆንም ቁጭ ብላ እንድታጫውተው ይለምናታል፤ ሥራ ስትጨርስ ተያይዘው ውሃ ዳር ይወርዳሉ። ጓደኛ ሳይኖርሽ አይቀርም፣ ግን እኔ ደብዳቤ የምልክለት ሰው የለኝምና ላንቺ ልጻፍ ይላታል። ይጽፍላታል፤ መጀመሪያ ከማሠልጠኛው፣ ቀጥሎ ከቬትናም። ከዚያ ደብዳቤው ይቋረጣል። አንድ ዓርብ ማታ በትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ፣ ከጸሎቱና ከሕዝብ መዝሙሩ በኋላ፣ በጦርነቱ የሞቱ የአካባቢው ልጆች ስም ይነበባል። የእሱ ስም ሲጠራ ልብ ያለው ብዙ ሰው የለም። ከመቀመጫዎቹ ሥር ተደብቃ የምታለቅስ አንዲት ልጅ ግን አለች፤ በትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትንሿን ዋሽንት የምትነፋው ያቺው አስተናጋጅ ናት።

ግጥሙን የጻፈው ወንድ ነው፣ ብሩስ ሮቢሰን የሚባል የቴክሳስ ዘፋኝ። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቀርጾት ነበር፤ ብዙ ሰው ጋ ሳይደርስ ቀረ። ሦስቱ ሴቶች በ2002 «ሆም» በተባለው አልበማቸው አካተቱት። ቃላቱ ያው ሆነው ሳለ ዘፈኑ የተለየ ሆነ፤ ለምን እንደሆነ ደጋግሜ ስሰማው ነው የገባኝ። ስንኞቹ ስለ ልጅቷ ከውጭ ሆነው ያወራሉ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን እሷው ራሷ በአንደኛ መደብ ትናገራለች። ወንዱ ሲዘፍነው ይህ ለውጥ የሰው ቃል እንደመጥቀስ ሆኖ ያልፋል፤ ተራኪው የእሷን ቃል እንደነገረን ይቆጠራል። ሴቶቹ ሲዘፍኑት አዝማቹ ላይ ሁለት ድምፅ ከናታሊ ጎን ይቆማል፣ ያቺ ከመቀመጫ ሥር ብቻዋን የተደበቀች ልጅም እህቶች ያገኘች ያህል ይሰማል። ታሪኩ ብቻዋን ያስለቅሳታል፤ ድምፁ ብቻዋን አይተዋትም። ለእኔ የዘፈኑ ጉልበት ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ካንትሪ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። ቃሉን ወደ ቋንቋችን እንመልሰው ብንል «የባላገር ዘፈን» ከማለት የተሻለ አይገኝለትም። በአስመራ የቃኘው ጦር ሰፈር የአሜሪካኖች ራድዮ በነበረበት ዘመን ያደጉ፣ በአዲስ አበባም የጂም ሪቭስንና የዶን ዊሊያምስን፣ የኬኒ ሮጀርስንና የዶሊ ፓርተንን ካሴት ያዳመጡ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በቅኝትም ቢሆን ዝምድናው ቅርብ ነው። ሜጀር ትዝታ የምንለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከብዙ የካንትሪ ዜማዎች መሠረት ጋር አንድ ነው። ማርቲ ቫዮሊኗን ስትስበው መሰንቆ የለመደ ሰው አይደነግጥም። ባንጆውም ቢሆን ወደ አሜሪካ የገባው በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን ጋር ነው።

ዘፈኑ ላይ የደረሰውን መናገር አለብኝ፤ ነገሬ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነውና። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ሦስቱ ሴቶች በአሜሪካን ፉትቦል ትልቁ የዋንጫ ጨዋታ ላይ የአገራቸውን መዝሙር ዘመሩ። በየካቲት አልበማቸው የዓመቱ ምርጥ የካንትሪ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። መጋቢት 10፣ የኢራቅ ወረራ ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው፣ ለንደን ውስጥ ሸፐርድስ ቡሽ ኢምፓየር በተባለ አዳራሽ ሲዘፍኑ ናታሊ ጦርነቱን እንደማትፈልግና ፕሬዚዳንቱ የቴክሳስ ሰው በመሆኑ እንደሚያፍሩ ተናገረች። ጋርዲያን ጋዜጣ በሙዚቃ ዳሰሳው ውስጥ አሰፈረው። «ትራቭሊን ሶልጀር» በቢልቦርድ የካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው በዚያው ሰሞን ነበር። በሳምንቱ ሦስተኛ ሆነ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሠንጠረዡ ጠፋ። የራድዮ ጣቢያዎች አናሰማም አሉ። ሉዊዚያና ውስጥ ቦዥር ሲቲ በምትባል ከተማ ሰዎች ተሰብስበው ሲዲዎቻቸውን በትራክተር አስደመሰሱ።

በወታደሮች ስም ከአየር የወረደው የሞተ ወታደር የሚለቀስበት ዘፈን ነው። ይህን ማንም ልብ አላለውም፣ ወይም ልብ ያለው ሰው ድምፁ አልተሰማም። ሴቶቹ በ2006 «ኖት ሬዲ ቱ ሜክ ናይስ» በሚል ዘፈን ምላሽ ሰጡ፤ በ2007 አምስት ግራሚ ወሰዱ። የካንትሪ ራድዮ ግን በሩን አልከፈተላቸውም። «ትራቭሊን ሶልጀር» በካንትሪ ሠንጠረዥ ስድስተኛውና የመጨረሻው አንደኛቸው ሆኖ ቀረ። በ2015 አንድ የራድዮ አማካሪ ሴቶችን በሰላጣ ውስጥ ካለ ቲማቲም ጋር አመሳስሎ፣ አድማጭ የሚፈልግ ጣቢያ የሴት ዘፈን እንዲቀንስ መክሮ ነበር። እንዲህ ያለ ምክር በአደባባይ የሚነገርበት ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች አንደኛ ወጥተው እንደነበር ማስታወስ ደግ ነው።

ይህ ሁሉ ከፔካ 12 ምን ያገናኘዋል? ከምናስበው በላይ ያገናኘዋል። ዘፈኑ ከአየር በወረደበት በዚያው 2003 ግንቦት ወር ላይ፣ በመርከብ ላይ ሆኖ የቆየው የአፍሪካ ቀንድ የአሜሪካ ግብረ ኃይል ጅቡቲ ወርዶ ካምፕ ሌሞኒየር ገባ። ቀድሞ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን የኖረበት፣ ከአምቡሊ አየር ማረፊያ የሚዋሰን ሰፈር ነው። ዛሬ 4,000 ገደማ ሰው ይኖርበታል። ከፔካ 12 ብዙ አይርቅም። እንግዲህ አንዱ አጥር ውስጥ ገና 18 ዓመቱን የሞላ የቴክሳስ ልጅ ለቤቱ ይጽፋል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ የደሴ ወይም የአዳማ ልጅ ጋቢና ውስጥ ተጋድሞ ተራ ይጠብቃል። ሁለቱም መንገደኞች ናቸው፣ ሁለቱም ዘፈን አላቸው። ቡና የምትቀዳላቸው ግን ስለ እሷ የተዘፈነ ዘፈን መኖሩን አታውቅም፤ ቋንቋው የእሷ አይደለም።

ፔካ 12ን እንዲህ ያስፋፋው የእኛው ታሪክ ነው። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ በዚያ የነበረው ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚሁ ነው። ከጅቡቲ በዲኪል፣ በጋላፊ፣ በሠመራ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ እስኪደረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ብረቱ፣ የምንነዳው መኪና ሁሉ በዚህ መንገድ ይመጣል። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም የተሳቢው ሰልፍ አልቀረም። መኪና የቆመበት ደግሞ ሹፌር ይውላል ያድራል፤ ሹፌር ያደረበት ቦታ እንጀራና ቡና ይፈልጋል። ሴቶቹ የመጡት ይህን ተከትለው ነው። ከወሎም፣ ከሐረርጌም፣ ከድሬዳዋም የመጡ አሉ። ባሕሩን ተሻግረው ዓረብ አገር ለመግባት ወጥተው እዚሁ የቀሩም አሉ።

እነዚህ ሴቶች የተጻፈላቸው ነገር የለም ማለት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብ ፔካ 12 ላይ ለሹፌሮችና ለአካባቢው ሴቶች የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ የሚሰጥበት ማዕከል ተከፍቶ ነበር፤ «ሴፍ ቲ ስቶፕ» ይባል ነበር። ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው፣ ላንኳስሰው አልፈልግም። ከዚያ የወጡትን ሪፖርቶች ሳነብ ግን ሴቶቹን ያገኘኋቸው «ለበሽታው ተጋላጭ» በሚል ረድፍ ውስጥ ነው። የስደት ድርጅቶች ሰነድ ውስጥም ሌላ ረድፍ አላቸው። ፋይል አላቸው፣ ቁጥር አላቸው፣ በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። ዘፈን ግን የላቸውም። ሕዝብ ደግሞ አንድን ሰው የሚያስታውሰው በፋይል አይደለም፤ የአስመራን መንገድ፣ የድሬዳዋን ባቡር፣ የጎጃምን ሰፊ አገር የምናውቀው ከዘፈን ነው።

አሁን ወደ እኛው ሴቶች ቡድን ልምጣ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይመስለኛል። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. «የኛ» የሚባል የራድዮ ድራማ ተጀመረ፤ በአዲስ አበባ በሸገር ኤፍ ኤም፣ በአማራ ክልል ደግሞ በክልሉ ራድዮ ይሰማ ነበር። አምስት ልጃገረዶች ታሪካቸውን ይተርካሉ፣ ይከራከራሉ፣ በመጨረሻም ይዘፍናሉ። እነ ራሔል ጌቱ፣ ዘቢባ ግርማና ለምለም ኃይለሚካኤል የነበሩበት ነው። መጀመሪያ ያወጡት ነጠላ ዜማ «አቤት» ይባላል፤ በኋላ ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ»ን ሠርተዋል።

«አቤት» የሚለውን ርዕስ የመረጠው ሰው ቋንቋውን ያውቃል። ሴት ልጅ ከሁሉ በፊት ከምትማራቸው ቃላት አንዱ ነው። ስትጠራ አቤት ትላለች፤ ውሃ አምጪ ሲሏት፣ በር ክፈቺ ሲሏት፣ ለማግባት ሽማግሌ መጣልሽ ሲሏት አቤት። ያው ቃል ግን ዳኛ ፊት ሲደርስ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ የተበደለ ሰው «አቤት!» ይላል፣ አቤቱታም ከዚያው ይወለዳል። መታዘዝና መክሰስ በአንድ ቃል ውስጥ ያድራሉ። ይህን ቃል አምስት ሴት ልጆች በአንድ ድምፅ ሲሉት አስቡት። እኔ በወቅቱ በታክሲ ውስጥ ስሰማው ጎኔ የተቀመጡ እናት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ፤ ዜማውን ወደዱት ወይስ ቃሉ ነካቸው፣ አልጠየቅኋቸውም።

የየኛ መጨረሻም ለንደን ላይ ነው የተወሰነው። ገንዘቡ ይመጣ የነበረው ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ነበርና፣ አንድ የለንደን ጋዜጣ «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዘፋኞች ይባክናል የሚል ዘመቻ ከፈተ። በ2009 ዓ.ም. በገና ሰሞን የ5.2 ሚሊዮን ፓውንዱ ድጋፍ እንዲቆም ተደረገ። የኛ ጨርሶ አልሞተም፤ በኋላ በቴሌቪዥን ድራማ ተመልሷል። ግን የእኛ አገር ሴቶች አምስት ሆነው ፊት የቆሙበት ዘፈን ዕድሜው የሚወሰነው እኛ በማናነበው ጋዜጣ መሆኑ ያመኛል። የቺክሶቹን ዘፈን ያወረዱት የገዛ አገራቸው ሰዎች ናቸው፤ ወደውት ጠሉት፣ ተጣሉት። የኛን የጠላው ግን ግጥሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። የወደድነው እኛ ደግሞ እንዳይቆም አንድ ብር አላዋጣንም።

ስለ የኛ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ከፍቅር የመጣ ነው። በዘፈኖቻቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ቀድሞ ታሪኩ ይከተላል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ጎጂ ነው፣ ሴት ልጅ ትማር፣ ጥቃት ይቁም፤ እውነት ነው፣ ሁሉንም አምንበታለሁ። ነገር ግን «ትራቭሊን ሶልጀር» ጦርነት መጥፎ ነው የሚል አንድ ቃል የለውም። ሪባን፣ አውቶቡስ፣ ደብዳቤ፣ የኳስ ሜዳ መቀመጫ ነው ያለው። ሰሚው ጦርነቱን የሚጠላው በራሱ ጊዜ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። የሚመክር ዘፈን ይከበራል፤ ጋቢና ውስጥ ተከፍቶ 900 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን የሚተርከው ነው።

የሴቶች በቡድን ማዜም ለእኛ አዲስ ነገር ሆኖ አያውቅም። እንቁጣጣሽ ሲጠባ እየዞሩ የሚዘፍኑት እነማን ናቸው? አበባየሆሽን አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በነሐሴ አጋማሽ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል እያሉ ከበሮውን የሚይዙት ልጃገረዶች ናቸው፤ ወንዱ ተመልካች ነው። ሙሾውም የሴቶች ነው። በወንዙም፣ በወፍጮውም፣ በሠርጉም እንዲሁ። ታዲያ ማይክሮፎን ሲመጣ ምን ነካን? ስቱዲዮ ስንገባ ያን ሁሉ ድምፅ «ተቀባይ» ብለን ከኋላ አቆምነው። ከዘመን ዘመን ብዙነሽ በቀለን፣ አስናቀች ወርቁን፣ አስቴርን የመሰሉ ብቸኛ ሴቶች ነግሠዋል፤ ሲያንሳቸው ነው። ሦስትና አራት ሴት አብረው ፊት የቆሙበትን የእኛን ሥራ ቁጠሩ ብባል ግን ጣቶቼ ይተርፋሉ። በመንደር የነበረንን ሀብት ነው በካሴት ያጣነው።

ከፔካ 12 ልሰናበት ስል ሌላ ሴት ያጫወተችኝን ላንሳ፤ ስሟን አልጠቅስም፣ እሷም አትወድም። በየጉዞው እሷ ጋ ቡና የሚጠጣ አንድ ሹፌር ነበራት። «ደንበኛዬ» ነው የምትለው፣ ከዚያ ያለፈ ቃል አልተጠቀመችም። ሲወጣ ፔርሙዙን ያስሞላታል፣ ሲመለስ ባዶውን ይሰጣታል። አንድ ጊዜ ሲወጣ ረስቶት ሄደ። ስመለስ አገኘዋለሁ ብሎ ነው፣ አለች። ከዚያ ቀረ። አንድ ምልልስ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። በሦስተኛው ሌላ መኪና ላይ የሚሠራ ረዳት ቡና እየጠጣ፣ ለጎኑ ሰው እያወራ፣ እገሌ እኮ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፣ ተቀበረ እኮ፣ ይላል። እሷ ሲኒ እያጠበች ነበር። ማጠቧን አላቆመችም።

«ለቅሶ ልሂድ ብል ማን ነሽ ይሉኛል?» አለችኝ።

ፔርሙዙ አሁንም ከረከቦቱ ሥር አለ፤ ሰማያዊ ነው፣ ክዳኑ ትንሽ ተሰንጥቋል። ቡና አትሞላበትም።

ባህላችን ሐዘን ላይ ሰውን ብቻውን አይተውም ብለን እንኮራለን፤ ደግሞም ልክ ነን። ሙሾ አውራጇ ስሙን ትጠራለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል፣ ዕድሩ ድንኳን ይጥላል። ለዚች ሴት ግን ድንኳን የለም። ሚስት አይደለችም፣ እህት አይደለችም፣ ጎረቤትም አይደለች። እንደ ዘፈኗ ልጅ ከመቀመጫ ሥር ነው ያለቀሰችው፣ ያውም የምትደበቅበት መቀመጫ ሳይኖር፣ በአደባባይ ሲኒ እያጠበች። ለዘፈኗ ልጅ ሦስት ሴቶች መጥተው ተቀበሉላት። ለእሷስ?

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለው ኑሮ አይዘፈንም ይለኛል። ነውር ነው የሚልም አለ፤ የሹፌር ሚስት ቤቷ ሆና ትሰማለች፣ ይላል። ሚስትየዋ ያላወቀችው ነገር ያለ አይመስለኝም። በጋቢናው ዘፈን ውስጥም ቢሆን የምትናፈቀው የቤቷ ሴት እንጂ እሷ ራሷ ስትናገር አንሰማትም። ቤት የቀረችውም መንገድ ዳር የተቀመጠችውም የሚጠብቁት አንድ መኪና ነው። አንዷ ከኮምቦልቻ አንዷ ከፔካ 12፣ ሳይተዋወቁ፣ ሁለቱ በአንድ ዜማ የሚቀባበሉበት ዘፈን ቢሠራ ሰሚ ያጣል ብዬ አላምንም። ሦስተኛ ድምፅ ካስፈለገም የሹፌሩ እናት አለች።

ስለዚህ ግጥም ለምትጽፉ፣ ዜማ ለምትደርሱ፣ ስቱዲዮ ላላችሁ የምለው አለኝ። ሦስት ጥሩ ድምፅ ያላቸው ሴቶች ፈልጉ፤ አታጡም፣ ዛሬ በየአልበሙ ላይ ከኋላ ቆመው እየተቀበሉ ነው። ወደ ፊት አውጧቸው። የድርጅት ገንዘብ አትጠብቁ፣ ምክርም አትጨምሩበት። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን፣ መሰንቆም ይግባበት፤ ከበሮው ቀስ ይበል፣ ሹፌሩ ሌሊት ነው የሚሰማው። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ጋላፊን ተሻግራችሁ ፔካ 12 ድረስ ሂዱ። ቡናዋን ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ስለ ሹፌሩ ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ የእሷን ስም ጠይቋት።